ሆርስት ዳስለር፦ ጫማ እያደለ ኳስን የገዛው ሰው

እግራችሁ ላይ ሦስት መስመር ያለበት ጫማ ካለ (ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ ለጊዜው እንተወው) የአንድ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ሰው ታሪክ ተጫምታችኋል። ስሙ ሆርስት ዳስለር ይባላል። አዲዳስን የመሠረተው የአዲ ዳስለር ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው። ኳስ ተጫዋች አልነበረም፤ ዳኛም፣ አሰልጣኝም አልነበረም። የፊፋ ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠም። ግን በ2015 ዙሪክ ላይ ከሆቴል አልጋቸው ተቀስቅሰው የተያዙትን የእግር ኳስ ሹማምንት ነገር ሥሩን ስትቆፍሩ፣ መጨረሻ ላይ የምታገኙት ከዚያ 28 ዓመት ቀድሞ የሞተውን ይህን ጫማ ሻጭ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሆርስት የተወለደው መጋቢት 1936 ነው፤ ደቡብ ጀርመን ውስጥ ሄርዞገንአውራኽ በምትባል ትንሽ ከተማ። በዚያው ዓመት ክረምት ጄሲ ኦውንስ በርሊን ላይ አራት ወርቅ ሲወስድ እግሩ ላይ የነበረው ጫማ የሆርስት አባትና አጎት የሠሩት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ክፉኛ ተጣሉ። በ1948 ተለያዩ፤ አዲ አዲዳስን ያዘ፣ ሩዶልፍ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ፑማን አቋቋመ። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ሰው ከሰው ጋር ከማውራቱ በፊት የእግሩን ጫማ ያያል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ሆርስት ያደገው በዚህ ጠብ ውስጥ ነው፤ ዘመዱ ተቀናቃኙ፣ ተቀናቃኙ ዘመዱ።

አባትየው የእጅ ባለሙያ ናቸው። ስለ ቆዳ፣ ስለ ሶል፣ ስለ ታኬታ እያሰቡ የሚያድሩ ሰው። በ1954 ምዕራብ ጀርመን ሃንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ፣ በጭቃው ሜዳ ላይ የሚፈታና የሚገጠም ጥርስ ያለው ታኬታ አቅርበው ስማቸው ገነነ። ልጅየው ግን ሌላ ነገር ነው የገባው። ጥሩ ጫማ መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዋናው ነገር ማን እግር ላይ እንደሚገባ መሆኑን ነው ቀድሞ ያየው።

በ1956 ለሜልቦርን ኦሎምፒክ አውስትራሊያ ሲላክ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ያኔ ስፖርተኛ ሁሉ አማተር ነው፤ ከስፖርቱ ገንዘብ ከተቀበለ ይታገዳል። ሆርስት ገንዘብ አልሰጠም። ጫማ ነው ያደለው፣ በነፃ። ዛሬ ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ነጋዴ ዕቃውን ይሸጣል እንጂ አያድልም። ሯጮቹ ደስ አላቸው፤ የአዲዳስ ጫማ ሜዳሊያ ላይ ወጣ፤ ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ዞረ። የፑማ ጭነት ወደብ ላይ ተይዞ እንዲቀር ያደረገውም እሱ ነው እየተባለ ይተረካል። ይሄ ልጅ ከዚያ ጉዞ የተመለሰው አንድ ትምህርት ይዞ ነው፤ በነፃ የተሰጠ ነገር ከተሸጠው ይበልጥ ያተርፋል።

ይሄ የጫማ ጦርነት እኛንም ነክቶ አልፏል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ የአዲዳስ ሰዎች ካቀረቡት ጫማ የሚመቸው ስላላገኘ ነው ተብሎ ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሲሮጥ እግሩ ላይ የነበረው ግን ፑማ ነው። ለሆርስት ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያስተኛ ነገር አልነበረም።

ወላጆቹ ወደ ፈረንሳይ ላኩት፤ አልዛስ ውስጥ ያለውን ፋብሪካ እንዲመራ። ከስትራስቡርግ ብዙም በማይርቅ ላንደርስሃይም በሚባል መንደር ቢሮውን ሠራ። በከብትና በስንዴ መካከል ማለት ነው። እዚያው ምግብ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ አቋቋመ። ምግብ ቤቱ በፈረንሳይ ደረጃ ኮከብ ያገኘ ነበር፤ የወይን ጠጁ መጋዘን ዝነኛ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ የፌዴሬሽን ኃላፊዎች እዚያ እየተጋበዙ ያርፉ ነበር። ማታ እራት፣ ጠዋት የፋብሪካ ጉብኝት፣ ሲሄዱ ሻንጣ ሙሉ የስፖርት ልብስ።

ሰውየው ብዙም አይተኛም፤ ሠራተኞቹን በእኩለ ሌሊት ስብሰባ ይጠራ እንደነበር አብረውት የሠሩ መስክረዋል። የማስታወስ ችሎታው የሚገርም ነው። በዚያ ላይ መዝገብ አለው። ስለ እያንዳንዱ የስፖርት ባለሥልጣን የሚያዝ ፋይል፦ ሚስቱ ማን ናት፣ ልጆቹ ስንት ናቸው፣ የጫማ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ምን ይወዳል፣ ከማን ጋር ተጣልቷል፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለምን ወንበር ይወዳደራል። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለ አፕ ስለ እኛ የሚሰበስበውን ዓይነት መረጃ እሱ በወረቀት ይሰበስብ ነበር። ለአፍሪካ ብቻ የሚሆን ሰውም ነበረው፤ በአዲዳስ ገንዘብ የአፍሪካ ስፖርት መጽሔት የሚያዘጋጅ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የነገሩ እምብርት እዚህ ነው። ጉቦ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በጠረጴዛ ሥር የሚገባ ኤንቨሎፕ ነው። የሆርስት አሠራር ግን እኛ አገር በደንብ ለሚታወቀው ለእጅ መንሻ ነው የሚቀርበው። ባለጉዳይ ሹም ዘንድ ባዶ እጁን አይሄድም። ያን ቀን ምንም አይጠይቅም። ሰላም ብሎ፣ ያመጣውን አስቀምጦ ይወጣል። ውለታ ግን ተቀምጧል። ውለታ በደረሰኝ አይመዘገብም፣ ኦዲተር አያገኘውም፤ ሁለቱም ወገን ግን በልቡ ሒሳቡን ያውቀዋል። ከዓመት በኋላ ስልክ ይደወላል።

የተቀባዩንም ወገን እንየው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ ነፃ የወጣ አገር የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነህ እንበል። ብሔራዊ ቡድንህ ማሊያ የለውም። ለፊፋ ጉባኤ የአውሮፕላን ትኬት የሚከፍልልህ የለም። አውሮፓ ያሉት የኳስ ጌቶች ስምህን እንኳን በትክክል አይጠሩትም። እና አንድ ጀርመናዊ ይመጣል፤ ስምህን ያውቃል፣ የልጅህን ልደት ያውቃል፣ ለቡድንህ ማሊያና ታኬታ በነፃ ይልካል፣ ትኬትህን ይቆርጣል። ጉቦ ነው ትለዋለህ? እኔ እንጃ፣ ያኔ ብዙዎቹ ወዳጅነት ነው ያሉት፤ ከፊሉም በእርግጥ ወዳጅነት ነበር። ሰውየውን አደገኛ ያደረገው ይሄው ነው።

ከዚያ 1974 መጣ።

የፊፋ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ነበሩ፤ የቀድሞ ዳኛ፣ በግል ንጹሕ የሚባሉ፣ ግን ዓለም መቀየሩ ያልገባቸው ሰው። አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን ከእግር ኳስ ማኅበሩ እንዳትባረር ሲከላከሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አፍሪካ ደግሞ ቂም ነበራት። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለመላው አህጉር አንድ የተረጋገጠ ቦታ እንኳን ስለተነፈጋት ውድድሩን በአንድነት አድማ መትታ ቀርታለች። በዚያ ትግል ፊት ከተሰለፉት አንዱ የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን አሠልጣኝ፣ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት።

ራውስን ለመገዳደር የተነሡት ብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ ናቸው። አገር ለአገር ዞሩ፤ ከፔሌ ጋር ፎቶ አስነሡ፤ ቃል ገቡ። የዓለም ዋንጫው ከ16 ወደ 24 ቡድን ያድጋል፤ የወጣቶች ዋንጫ ይጀመራል፤ አሠልጣኝና ሐኪም ወደ ድሃ አገሮች ይላካል፤ ደቡብ አፍሪካ ትወጣለች። ሰኔ 1974 ፍራንክፈርት ላይ በሁለተኛው ዙር 68 ለ 52 አሸነፉ። የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ስለዚህ ያን ምርጫ ዝም ብሎ የተገዛ ምርጫ ነው ማለት ልክ አይደለም። አፍሪካ ለሃቬላንጅ የሰጠችው ድምፅ ፍትሕ ፍለጋ ነው፤ ፍትሑንም በከፊል አግኝታለች። በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። በ1977 የመጀመሪያው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ ቱኒዚያ ላይ ተካሄደ። በ1982 አልጄሪያና ካሜሩን ሁለት ሆነው ስፔን ሄዱ።

ችግሩ ቃሉ ገንዘብ ይፈልጋል። የ1974ቱ ፊፋ ዛሬ የምታውቁት በቢሊዮን የሚቆጥር ፊፋ አይደለም፤ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ ቢሮ ነው። ሃቬላንጅ የገቡት ቃል አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ሆርስት ዳስለር በሩን ያንኳኳው ያኔ ነው።

ከእንግሊዛዊው የማስታወቂያ ነጋዴ ከፓትሪክ ናሊ ጋር ሆኖ ኮካ ኮላን አመጣ። የቱኒዚያው የወጣቶች ዋንጫና የአሠልጣኞች ሥልጠናው የተካሄደው በኮካ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ሰዎች የፈጠሩት ሐሳብ ዛሬ በየስታዲየሙ የምታዩት ነው። ድሮ የሜዳ ዳር ማስታወቂያ እንደ ጉልት ገበያ ነበር፤ የመጣ ሁሉ ይሰቅላል። እነሱ ግን ከየዘርፉ አንድ ድርጅት ብቻ አሉ፦ አንድ ለስላሳ መጠጥ፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ቢራ። ያ አንድ ድርጅት ሜዳውን፣ ምልክቱን፣ ሁሉን በጥቅል ይገዛል፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነው። ብልህ ሥራ ነው፣ መካድ አይቻልም። ዘመናዊ የስፖርት ንግድ የሚባለው ነገር ከዚህ ተወለደ።

ሰፕ ብላተር ፊፋ የገቡት በዚሁ ጊዜ፣ በ1975 ነው፤ ያን የልማት ፕሮግራም እንዲመሩ። በ1981 ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1980 ደግሞ የሆርስት ወዳጅ ሁዋን አንቶኒዮ ሳማራንች የኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በየስፖርቱ ምርጫ ጓዳ ውስጥ የላንደርስሃይም ሰዎች ነበሩ። ያ ሁሉ እራት፣ ያ ሁሉ ማሊያ፣ ያ ሁሉ ፋይል ፍሬ አፈራ። የሚገርመው፣ ሆርስት ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከገዛ ወላጆቹ ተደብቆ ነበር። አሬና የሚባለውን የዋና ልብስ ድርጅት፣ ለ ኮክ ስፖርቲፍን፣ ሌሎችንም በሌላ ሰው ስም ከጀርባ ይይዝ ነበር። እናትና አባቱ የሚያውቁት ልጃቸው ፈረንሳይ ውስጥ ጫማ እየሠራ እንደሆነ ነው።

በ1982 የመጨረሻውን ማሽን ገጠመ። አይ ኤስ ኤል ይባላል፤ መቀመጫው ስዊዘርላንድ ሉሰርን። 51 በመቶው የሆርስት፣ 49 በመቶው ዴንትሱ የተባለው ግዙፍ የጃፓን የማስታወቂያ ድርጅት። ሥራው ቀላል ነው፦ ከፊፋና ከኦሎምፒክ ኮሚቴ መብት ይገዛል፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ይሸጣል፣ ልዩነቱን ይበላል። አሁን ነገሩን ልብ በሉ። የሚሸጠውን መብት ለማን በስንት እንደሚሰጥ የሚወስኑት የፌዴሬሽን ሹማምንት ናቸው። ሹማምንቱ ወንበር ላይ እንዲወጡ የረዳው ማን ነው? ገዢው። ጨረታ የለም፤ ቢኖርም ለስሙ ነው። በሻጩ ወንበር ላይ የገዢው ወዳጅ ተቀምጧል። ትክክለኛው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ለወዳጆች የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የእኛ ተረት ለዙሪክም ይሠራል።

ይህ ገንዘብ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ የፊፋ ብቻ አይደለም። የልጆች ሜዳ ሳር ነው፤ የአንድ ድሃ አገር የሴቶች ሊግ ነው፤ ማሊያ ለሌለው ቡድን ማሊያ ነው። ድሮ ሆርስት በነፃ ሲልከው የነበረው ማሊያ ማለት ነው።

እናቱ በ1984 መጨረሻ ሲሞቱ ሆርስት የመላው አዲዳስ አለቃ ሆነ። ብዙ አልቆየም። ካንሰር ያዘው። ሚያዝያ 1987 በ51 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አቶ ይድነቃቸውም በዚሁ በሽታ አረፉ። የአራት ወር ልዩነት ነው። አንዱ የአፍሪካን ድምፅ ክብር ለማሳጣት ከሚሞክሩት ጋር ሲታገሉ የኖሩ፣ አንዱ ያ ድምፅ ስንት እንደሚያወጣ ቀድሞ ያሰላ።

አዲዳስን እህቶቹ በ1990 ለፈረንሳዊው በርናር ታፒ ሸጡት። ታፒ የማርሴይ ክለብ ባለቤት ነበር፤ በኋላ ጨዋታ በገንዘብ አስለቅቋል ተብሎ የታሰረው ያው ሰውዬ። ዕጣ ፈንታ ቀልደኛ ነው።

አይ ኤስ ኤል ግን መሥራቹ ከሞተም በኋላ በተዘረጋለት መስመር ሄደ። የ2002ና የ2006 የዓለም ዋንጫ መብት ሳይቀር ያዘ። ከአቅሙ በላይ ተንጠራራ፤ የቴኒሱ ውል ወገቡን ሰበረው፤ በ2001 ከሰረ። ድርጅት ሲከስር አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ሒሳብ መዝገቡን የማያውቀው ሰው ይከፍተዋል። አጣሪዎቹ ከፈቱት። በሊክተንስታይን በኩል ዞሮ ለስፖርት ሹማምንት የሄደ ገንዘብ ተገኘ። አንዱ ክፍያ እንዲያውም ለሃቬላንጅ የታሰበ ሆኖ በስህተት ፊፋ የራሱ አካውንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ኮሜዲ ፊልም ላይ ቢሆን ተጋነነ እንላለን።

የዙግ ክፍለ ግዛት መርማሪ ዳኛ ቶማስ ሂልድብራንድ ነገሩን ያዙት። መጀመሪያ የከሰሰው ፊፋ ራሱ ነበር፤ የሚገባኝ ገንዘብ ቀርቶብኛል ብሎ። በኋላ ክሱ ይቅርብኝ አለ። ሂልድብራንድ ግን አልተዉትም። በ2005 የፊፋን ዋና መሥሪያ ቤት አስፈተሹ። በ2008 ስድስት የአይ ኤስ ኤል ኃላፊዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ወደ 138 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ለስፖርት ሹማምንት እንደተከፈለ እዚያ ተሰማ። ተከሳሾቹ ደግሞ በዚህ ንግድ ያለዚህ ክፍያ መሥራት አይቻልም ነው ያሉት።

እና ምን ሆነ? ብዙም ምንም። ምክንያቱን ስሙ። በጊዜው በስዊዘርላንድ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ያልሆነን ሰው እንዲህ ባለ ገንዘብ መያዝ ወንጀል አልነበረም። ፊፋ ደግሞ በሕግ ዓይን ማኅበር ነው። እኛ ሰፈር እንዳለ ዕድር በሉት። አንድ የዕድር ዳኛ ከድንኳን አከራዩ ጋር ቢመሳጠር አባላቱ ይጣሉታል እንጂ ፖሊስ ምን አገባው፣ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ዕድር በቢሊዮን የሚያንቀሳቅስ መሆኑ ነው። ሦስቱ በቀላል ጥፋት ተቀጡ፤ ዋናው ክስ ወደቀ።

ሂልድብራንድ በሌላ በኩል ዞረው ተቀባዮቹን ያዙ። መዝገቡ እንደሚለው ሃቬላንጅ በ1997 1.5 ሚሊዮን ፍራንክ፣ አማቻቸው የነበሩትና የብራዚልን ፌዴሬሽን የመሩት ሪካርዶ ቴሼራ ደግሞ ከ1992 እስከ 1997 ቢያንስ 12.74 ሚሊዮን ፍራንክ ተቀብለዋል። በ2010 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ሃቬላንጅ 500 ሺህ፣ ቴሼራ 2.5 ሚሊዮን መለሱ፤ ስማቸውም ተሸፈነ። ጋዜጠኞች ተሟግተው በ2012 የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰነዱ ይውጣ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሃቬላንጅ የፊፋ የክብር ፕሬዚዳንትነታቸውን ለቀቁ። ብላተርን የፊፋ የሥነ ምግባር ዳኛ በዚህ ጉዳይ አያያዛቸው ዝርክርክ ነበር ብሎ ጥፋት ግን አላገኘባቸውም። አይ ኤስ ኤል በ1995 ከከፈላቸው መካከል የአቶ ይድነቃቸውን ወንበር በ1988 የያዙት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱም ስም አለ፤ 100 ሺህ የፈረንሳይ ፍራንክ። ገንዘቡ ለካፍ በዓል የዋለ እንጂ ለኪሴ አይደለም አሉ፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴው በ2011 ወቅሷቸው አለፈ።

ሆርስት ራሱስ? በሕይወቱ አንድም ፍርድ ቤት አልከሰሰውም። አንድም ቀን አልተጠየቀም። የምናውቀው አብረውት የሠሩ ሰዎች በኋላ ከተናገሩትና መዝገቦቹ ካወጡት ነው።

የስዊዝ ሕግ ያልደረሰበትን የአሜሪካ ሕግ በሌላ መንገድ ደረሰበት። የኒውዮርክ የኤፍ ቢ አይ ቡድንና የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የያዙት ክር ቻክ ብሌዘር ነበር፤ የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ አባል፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ ለዓመታት የግብር ማስታወቂያ ያላስገባ። ያዙትና ምርጫ ሰጡት። ተባበረ፤ ወዳጆቹን በድብቅ እየቀዳ አመጣላቸው። በ2013 ጥፋቱን አመነ። ስለ ኳስ ብዙ የምናወራ ሰዎች ይህን አንርሳ፤ የፊፋን ግንብ መጀመሪያ የሰነጠቀው ስሜት ሳይሆን ያልተከፈለ ግብር ነው።

ግንቦት 27 ቀን 2015 ሊነጋጋ ሲል የስዊዝ ፖሊስ ዙሪክ ባውር ኦ ላክ ሆቴል ገባ። ሰባት ሹማምንት ተያዙ። የሆቴሉ ሠራተኞች ከካሜራ ለመጋረድ አንሶላ ዘርግተው ነበር፤ ያ ፎቶ ዓለምን ዞረ። አሜሪካ በዚያን ቀን 14 ሰው ከሰሰች፤ ዘጠኝ የእግር ኳስ ኃላፊዎችና አምስት ነጋዴዎች። ክሱ የማፍያ ድርጅቶች በሚከሰሱበት ሕግ ነው የቀረበው፤ ገንዘቡ በአሜሪካ ባንኮች አልፏልና። ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉቦ፣ 24 ዓመት ሙሉ።

ክሱን ያነበበ ሰው ግን አዲስ ነገር አላገኘበትም። የስፖርት ማርኬቲንግ ድርጅት ለፌዴሬሽን ሹም ይከፍላል፤ ሹሙ የውድድሩን የቴሌቪዥንና የማስታወቂያ መብት ለዚያ ድርጅት ይሰጣል። ቦታው ሉሰርን ሳይሆን ሳኦ ፓውሎና ማያሚ ሆነ እንጂ ማሽኑ ያው የሆርስት ማሽን ነው። ትራፊክ የተባለው የብራዚል ድርጅት ባለቤት ጆዜ ሃዊላ ብቻ 151 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ ተስማማ። በ2017 መጨረሻ የኒውዮርክ ዳኞች የቀድሞውን የደቡብ አሜሪካ ኮንፌዴሬሽን አለቃ ሁዋን አንሄል ናፑትንና የብራዚሉን ጆዜ ማሪያ ማሪንን ጥፋተኛ አሉ። ናፑት ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት፣ ማሪን አራት።

ብላተር ከሆቴሉ ድንገት በኋላ በሁለተኛው ቀን እንደገና ተመረጡ፤ በሳምንቱ እለቃለሁ አሉ። በኋላ ከሚሼል ፕላቲኒ ጋር በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ቆመው በ2022 ነፃ ተባሉ፤ ይግባኙም በ2025 ነፃ አላቸው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ሕጓን ቀየረች፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በግል ድርጅትና በማኅበር ውስጥ የሚሰጥ ጉቦ ከሳሽ ሳይጠበቅ ዐቃቤ ሕግ በራሱ የሚይዘው ወንጀል ሆነ። በሚቀጥለው ወር ሃቬላንጅ ሪዮ ላይ በ100 ዓመታቸው ሞቱ፤ ከተማቸው ኦሎምፒክ እያስተናገደች ነበር፣ አትሌቲክሱ የተካሄደበት ስታዲየምም በሕግ ስሙ የእሳቸው ነበር።

የዓለም ዋንጫ ኳስን ከ1970 ጀምሮ የሚያቀርበው አዲዳስ ነው። አሁን ያለው ውል እስከ 2030 ይቆያል።